ፀሐይን የሚቆጥሩት 13 ግንቦች

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ሰዓት ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ደጃፋችሁ ላይ ስትቆሙ ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትወጣው? «በምሥራቅ» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን በምሥራቅ የት ጋ? ሰኔ ላይ ከጎረቤት ባሕር ዛፍ በስተግራ ብቅ ያለችው ፀሐይ፣ ታኅሣሥ ሲመጣ ብዙ ወደ ቀኝ ሄዳ ነው የምትወጣው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቦታ ትቀይራለች። ዛሬ የማወራችሁ ይህን ልብ ብለው ጋራ ላይ ግንብ ስለደረደሩ ሰዎች ነው።

ቦታው ደቡብ አሜሪካ፣ ፔሩ ነው፤ ቻንኪዮ ይባላል። በካስማ ሸለቆ ያለ ደረቅ በረሃ ነው። ከዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ በፊት፣ በኋላ ያን አገር የገዙት ኢንካዎች ገና ሳይነሱ፣ እዚያ የነበሩ ሰዎች በአንድ ዝቅተኛ ጋራ አናት ላይ 13 ግንቦችን ከሰሜን ወደ ደቡብ ደረደሩ። ድርድሩ 300 ሜትር ያህል ይረዝማል። በግንቦቹ መሀል ክፍተት ስላለ ከሩቅ ሲያዩት የመጋዝ ጥርስ ይመስላል።

ከጋራው በስተምዕራብ ቆማችሁ ንጋቱን ጠብቁ። ሰኔ 14 አካባቢ ፀሐይ በግራ ጫፍ፣ ከመጀመሪያው ግንብ አጠገብ ትወጣለች። ከዚያ ቀን በቀን ወደ ቀኝ እየተጓዘች፣ አንዱን ክፍተት ጨርሳ ወደ ቀጣዩ እየገባች፣ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ከመጨረሻው ግንብ ማዶ ትደርሳለች። እዚያ ለጥቂት ቀናት የቆመች ትመስላለች። ከዚያ ትመለሳለች። መሀል ላይ ፈጣን ናት፤ አንዱን ክፍተት ለማለፍ አሥር ቀን ገደማ ይበቃታል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሌላ መቆሚያ አለ፤ ከዚያ የሚታየው መጥለቂያዋ ነው።

«13 ግንብ፣ 13 ወር!» ብላችሁ ያሰባችሁ አትጠፉም። እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። ግን አይገናኝም። ፀሐይ በአንድ ዓመት ውስጥ እያንዳንዱን ክፍተት ሁለቴ ነው የምታልፈው፣ አንዴ ስትሄድ አንዴ ስትመለስ፤ ስለዚህ ግንቦቹ ወር አይደሉም።

ለምን ይህን ያህል ደከሙ? እኛ ክረምት መግባቱን ደመናው ይነግረናል፤ የአፈሩ ሽታ እንኳን ይናገራል። የፔሩ ጠረፍ ላይ ግን ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ውሃው የሚመጣው ከሩቅ፣ የአንዲስ ተራሮች ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ነው። የእኛ ክረምት ዓባይን ሞልቶ ግብፅ እንደሚደርሰው ማለት ነው። ሰማዩ ምንም ፍንጭ ካልሰጠህ፣ ወንዙ መቼ እንደሚሞላ ለማወቅ ከፀሐይ የተሻለ ምን አለህ? እኔ እንደሚመስለኝ ግንቦቹን ያሠራው ይህ ጭንቀት ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልምጣ። በምዕራብ በኩል ካለው ሕንፃ ጎን 40 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወደ ሕንፃው የሚያስገባ በር የለውም። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሌላ ምንም አይታያችሁም፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ስትደርሱ 13ቱ ግንቦች በአንዴ ፊታችሁ ድቅን ይላሉ። ተመራማሪዎች እዚያች መውጫ ላይ የሸክላ ስብርባሪ፣ የባሕር ዛጎልና የድንጋይ መሣሪያ አግኝተዋል። ስጦታ ነበር ይላሉ። አስቡት፣ አንድ ሰው በጨለማ እዚያ ድረስ መጥቶ፣ ዛጎሉን አስቀምጦ፣ ፀሐይን ሲጠብቅ! መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ሕዝብ አይቆምበትም። ቀኑን አይተው ለሌላው የሚናገሩት ጥቂቶች ነበሩ ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ ትልቅ ሥልጣን ነው።

የግንቦቹን ሥራ ኢቫን ጌዚና ክላይቭ ራግልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ጽፈው ለዓለም አሳወቁ። በ2021 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ከመቆሚያዎቹ ሆኖ ቀኑን አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ በመሳት ማወቅ ይቻላል። ያለ መነጽር፣ ያለ ሰዓት!

ልጆች ያላችሁ፣ ነገ ጠዋት አብራችሁ ሞክሩት። ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ቦታ ምረጡና ድንጋይ አስቀምጡ። ፀሐይ በየትኛው ጣሪያ ወይም ዛፍ በኩል እንደወጣች በደብተር ሣሉ። በየሳምንቱ እዚያው ድንጋይ ላይ ቆማችሁ ድገሙት። ድንጋዩን ግን አደራ፣ እንዳታንቀሳቅሱት፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ካላችሁ ሥዕሉ ሁሉ ይበላሻል።