በአንድ ጣራ ሥር የየራስ ድምፅ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ስለ ምርጫ የሚደረጉ ንግግሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በዕጩዎች፣ በፓርቲዎችና በድምፅ ቆጠራ ላይ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ምርጫ አደባባዩን አልፎ የቤታችንን ደጃፍ ሲሻገር ስለሚሆነው ነገር ነው። ምርጫ አስፈጻሚ በማይገባበት፣ ታዛቢ በማይቀመጥበት፣ ሕግም እምብዛም በማይደርስበት በዚያ ቦታ ማን ከማን ጋር ይነጋገራል፣ ማን ይወስናል፣ አንዱ ድምፁን ሊሰጥ ሲወጣስ ቤት የሚጠብቀው ማን ነው? አቋሜን ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። ቤተሰብ የጋራ ቤት፣ የጋራ ገቢና የጋራ ጭንቀት ሊኖረው ይችላል፤ የጋራ ድምፅ ግን የለውም። የቤተሰብ ድርሻ አባላቱን በአንድ ሐሳብ ማሰለፍ ሳይሆን፣ ዕድሜው ለመምረጥ የደረሰ እያንዳንዱ ሰው በነፃነት አስቦ፣ በሰዓቱ ደርሶ፣ ብቻውን ድምፁን እንዲሰጥ መንገዱን ማመቻቸት ነው።

የምርጫ ሰሞን የቤትን ሥርዓት እንዴት እንደሚለውጥ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማታው ዜና ይረዝማል፤ ቴሌቪዥኑ ሳይጠፋ ይመሻል፤ ልጆች መተኛት በነበረባቸው ሰዓት የዕጩዎችን ክርክር እየሰሙ ያመሻሉ። ለቅስቀሳ የተሰማራ ወይም በምርጫ አስፈጻሚነት የሚሠራ ሰው ካለ በማለዳ ወጥቶ አምሽቶ ይገባል፤ የቤት ውስጥ ድርሻውም ምንም ሳይባል በሌላው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ቤት መቀየር፣ ሥራ መልቀቅ፣ ብድር መውሰድ፣ ሠርግ መደገስ የመሳሰሉ ትልልቅ ውሳኔዎች «ምርጫው ይለፍና እናያለን» እየተባሉ ይገፋሉ። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው፤ እኔንም ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ማንም ልብ ሳይለው የሚመጣው ሌላው ለውጥ ነው፤ በቤት ውስጥ ቀድሞም የነበረው የሥልጣን አሰላለፍ በምርጫ ሰሞን ይበልጥ ገዝፎ ይወጣል። ስለ ገንዘብ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሰው፣ ስለ ድምፅም የመጨረሻው ቃል የእሱ እንደሆነ ማሰብ ይጀምራል።

ይህ አስተሳሰብ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ በአንድ ወቅት እንደ ፍልስፍና ተጽፎ ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እያስታወስኩ ልቀጥል። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ጄምስ ሚል በ1820 ስለ መንግሥት በጻፈው ድርሰት፣ ጥቅማቸው በሌላ ሰው ጥቅም ውስጥ የተካተተ ሰዎች የመምረጥ መብት ቢነፈጋቸው ጉዳት የለውም ሲል ተከራከረ። ልጆች በወላጆቻቸው፣ ሴቶች ደግሞ በአባቶቻቸው ወይም በባሎቻቸው ጥቅም ውስጥ ተጠቃለው ገቡ። በ1825 አየርላንዳዊው ጸሐፊ ዊልያም ቶምሰን ለሴቶች መብት ከምትሟገተው ከአና ዊለር ጋር በመከረባቸው ሐሳቦች ላይ ተመሥርቶ ጠንካራ መልስ ጻፈለት። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሌላው መልስ ከራሱ ከጄምስ ሚል ቤት መውጣቱ ነው፤ ልጁ ጆን ስቱዋርት ሚል የብሪታንያ ፓርላማ አባል ሆኖ በ1867 ሴቶችም በምርጫ ሕጉ እንዲካተቱ የማሻሻያ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ ወደቀ፤ አባትየው «ጥቅማችሁ በእኔ ውስጥ ነው» ካላቸው ልጆች አንዱ ግን የተለየ ሐሳብ እንዳለው በአደባባይ አስመዘገበ። ነገሩ በሁሉም ቦታ እኩል አልተራመደም፤ ኒው ዚላንድ በ1893 ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትሰጥ፣ ስዊዘርላንድ በፌዴራል ደረጃ ይህን ያደረገችው በ1971 ነው።

ድምፅ በሚስጥር የመስጠት ሥርዓትም የራሱ ታሪክ አለው። በአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች በቪክቶሪያና በደቡብ አውስትራሊያ በ1856 ሥራ ላይ ሲውል፣ በዋናነት የታሰበው መራጩን ከአሠሪውና ከባለመሬቱ ዓይን እንዲሁም ከጉቦ ለመጠበቅ ነበር። በዚያ ዘመን መራጮቹ ወንዶች ብቻ ስለነበሩ፣ መጋረጃው አንድ ቀን ባልን ከሚስት፣ አባትን ከልጅ ይጋርዳል ብሎ የገመተ ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም። በ1948 የጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 16 ቤተሰብን የኅብረተሰብ ተፈጥሯዊና መሠረታዊ ክፍል ይለዋል፤ በአንቀጽ 21 ደግሞ ምርጫ በሚስጥር ድምፅ ወይም ተመሳሳይ ነፃነት ባለው ሥርዓት እንዲካሄድ ይደነግጋል። ሁለቱ አንቀጾች ለአንድ ሰው የተሰጡ ናቸው፤ ያ ሰው ቤተሰቡን ስለወደደ ሚስጥሩን አይነጠቅም።

ኑሮ ግን ከሕጉ ኋላ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በ1940 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ወቅት ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በኦሃዮ ግዛት በኢሪ አውራጃ የሚኖሩ መራጮችን ከግንቦት እስከ ኅዳር በየወሩ እየተመላለሱ ጠይቀው ነበር። ምርጫቸውን ከወሰኑት ባልና ሚስቶች መካከል በሐሳብ የተለያዩት ከ22 ጥንዶች አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህን ስንሰማ «እንዴት ያለ ስምምነት ነው» ልንል እንችላለን፤ ነገር ግን እዚያው ጥናት ውስጥ ሌላ ቁጥር አለ። ስለ ምርጫው ከባሎቻቸው ጋር እንደተነጋገሩ የተናገሩ ሴቶች 45 ሲሆኑ፣ በዕጣ ከተመረጡ ያንኑ ያህል ወንዶች ውስጥ ከሚስቶቻቸው ጋር እንደተነጋገሩ የገለጹት አራት ብቻ ነበሩ። እሷ ውይይት ብላ የቆጠረችውን እሱ ከቁም ነገር አልጣፈውም ማለት ነው። ዘመኑ ሩቅ ነው፣ አገሩም ሌላ ነው፤ ቢሆንም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ባልም ሚስትም ለየብቻ «ባለፈው ሳምንት ስለ ምርጫው ከማን ጋር ተነጋገርክ፣ ከማን ጋር ተነጋገርሽ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሳችሁ ይገጥም እንደሆነ ሞክሩት።

በአንድ ወቅት ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ በተመደብኩበት ጣቢያ ያየሁትን ልንገራችሁ። በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ተያይዘው መጡ። ሰውየው የሁለቱንም የመራጭነት ካርድ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ክፋት አልነበረውም፤ እንዳይጠፋ ብሎ እሱ ዘንድ ያስቀመጠው መሆኑ ከሁኔታው ይታወቅ ነበር። መዝጋቢዋ ልጅ የሴትዮዋን ካርድ አንሥታ በሁለት እጇ ለራሳቸው ለሴትዮዋ ሰጠቻቸውና «እናቴ፣ እርስዎ ራስዎ ያቅርቡልኝ» አለቻቸው። ጣታቸው ቀለም ተቀባ፤ ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ወደ መጋረጃው ሲያመሩ ባልየው እንደ ልማዱ ከኋላ ተከተለ። እሳቸውም ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «እዚሁ ጠብቀኝ» አሉት። ቆሞ ጠበቀ። ወረቀታቸውን አጥፈው ኮሮጆው ውስጥ ከከተቱ በኋላ እንደ አመጣጣቸው ተያይዘው ወጡ። ዓለም አቀፍ የምርጫ ታዛቢዎች ሁለት የቤተሰብ አባላት አብረው መጋረጃ ውስጥ ሲገቡ «የቤተሰብ ድምፅ አሰጣጥ» ብለው እንደ ጥሰት ይመዘግቡታል፤ በዚያ ጣቢያ ግን ሊመዘገብ ይችል የነበረውን ነገር አንዲት ትሑት መዝጋቢና አንዲት እናት በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀሩት።

አሁን ወደ ድምፅ መስጫው ቀን ልምጣ፤ ምክንያቱም እንደ እኔ ግምት ከክርክሩና ከቅስቀሳው በላይ የብዙ ሰዎችን ድምፅ የሚያስቀረው የዚያ ቀን የቤት ሥራ ነው። አሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫዋን ማክሰኞ የምታካሂደው በ1845 በወጣ ሕግ ነው፤ ብሪታንያ በልማድ ሐሙስን ይዛለች፤ አውስትራሊያውያን ቅዳሜ ይመርጣሉ። ቀኑ የትኛውም ይሁን የትኛው፣ ሕፃን መጥባቱን፣ የታመመ ሰው መድኃኒት መዋጡን፣ አረጋዊ መደገፉን አያቆምም። በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ምርጫ ጣቢያ ስለሚሆኑ፣ ሁለቱም ወላጆች መውጣት በሚፈልጉበት በዚያው ቀን ልጆች ቤት ይውላሉ። ሰልፉ ረጅም ከሆነ «አንተ ቀድመህ ሂድ፣ እኔ እደርሳለሁ» ያለችው ሰው፣ እሱ ተመልሶ እስኪረከባት ስትጠብቅ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ሲደረብባት፣ ጣቢያው የሚዘጋበት ሰዓት ይደርሳል። ማንም አልከለከላትም፤ ግን አልመረጠችም። እንዲህ ያለው መቅረት በየትኛውም የአቤቱታ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ስለዚህ ምክሬ በጣም ተራ ነው። ከምርጫው ቀን በፊት ባለው ሳምንት፣ ስለ ዕጩዎች ሳይሆን ስለ ሰዓት ተነጋገሩ። ማን ጣቢያው ሲከፈት ይሄዳል፣ ማን ሕፃኑን ይይዛል፣ በስንት ሰዓት ይቀያየራሉ፣ መራመድ የሚቸግራቸውን አያት ማን ያደርሳል፣ ካርዶቹ የት ናቸው፣ ሁሉም የተመዘገቡት በአንድ ጣቢያ ነው ወይስ በተለያየ ቦታ? ይህንን በወረቀት ጽፎ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ መለጠፍ እንደ ተጋነነ ጥንቃቄ ሊቆጠር ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ መጋነንን እመርጣለሁ። ቤት ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ ሰው ካለችም በዚያ ወረቀት ላይ የራሷ ሰዓት ይጻፍላት፤ የቤቱን ሁሉ መውጣት የምታመቻቸው እሷ ሆና የራሷ ድምፅ የሚዘነጋበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ወጣቶችን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር አለ። በዴንማርክ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለመምረጥ የበቃላቸው ወላጆች ራሳቸውም ወደ ምርጫ ጣቢያ የመሄድ ዕድላቸው ከፍ ይላል። ስለዚህ ትምህርቱ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ አይደለም፤ ልጁ «መቼ ነው የምንሄደው?» ሲል ዓመታት የዘለለው አባት ጫማውን ያጠልቃል። ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ብቻውን መኖር የጀመረ ወጣት ግን ድምፁን ሳይሰጥ የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል። በሌላ ከተማ የሚማር ወይም የሚሠራ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ በምዝገባው ወቅት ስልክ ደውላችሁ «ተመዘገብክ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ «ማንን ልትመርጥ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን እሱ ካላነሣው አታንሡበት። የተመራማሪው ዴቪድ ኒከርሰን ሙከራም ይህንኑ ይደግፋል። በዴንቨርና በሚኒያፖሊስ ሁለት መራጮች የሚኖሩባቸውን ቤቶች እያንኳኩ «ውጡና ምረጡ» የሚል መልእክት ሲያደርሱ፣ በር ከፍቶ በሰማው ሰው ላይ ከታየው ለውጥ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው መልእክቱን በቀጥታ ላልሰማው ለሁለተኛው ሰው ተላልፎ ተገኝቷል። ልብ በሉ፣ የተላለፈው ድምፅ ለመስጠት መነሣቱ ነው፤ ማን ይመረጥ የሚል ነገር መልእክቱ ውስጥ አልነበረም።

«በገበታ ላይ ፖለቲካ አይነሣ» የሚለውን የታወቀ ምክር ግን አልቀበለውም። አመክንዮው ይገባኛል፤ የ2016ቱን የአሜሪካ ምርጫ ተከትሎ ቤተሰብ ለማዕድ በሚሰበሰብበት የምስጋና በዓል፣ የተለያየ ፓርቲ ከሚደግፉ አካባቢዎች የመጡ ሰዎች የተገናኙባቸው ግብዣዎች ከሌሎቹ ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ያህል ማጠራቸውን ከስልክ መገኛ መረጃ ያሰሉ ተመራማሪዎች አሉ። ነገር ግን ከጠብ ለመሸሽ ዝም የተባለበት ቤት ውስጥ ልጆች የሚማሩት ሰላምን አይደለም፤ ከተለየ ሐሳብ ጋር የሚኖረው ተደብቆ ብቻ እንደሆነ ነው። ይልቅስ ሁለት ነገር እንዲከበር እለምናለሁ። የተቃወማችሁት ሰው ሐሳቡን ሳይጨርስ አታቋርጡት፤ ታናሽ ቢሆንም። ደግሞም በሐሳብ ከተለየ ሰው ጋር የምታደርጉት ክርክር ወደ ውለታ ቆጠራ አይለወጥ። «አሳድጌህ፣ አስተምሬህ እንዴት እነሱን ትመርጣለህ?» የሚል አባት ክርክሩን አላሸነፈም፤ ልጁን ከክርክሩ አስወጣው እንጂ።

የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላላችሁ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ወይም ጣቢያ ተቀየረ የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ፣ የላከላችሁ የምትወዱት አጎታችሁ ቢሆንም እንኳ ከምርጫ አስፈጻሚው አካል ሳታረጋግጡ ወደ ሌላ አታስተላልፉት።

ውጤቱ በተገለጸ ማግስት በአንድ ቤት ውስጥ የሚደሰትና የሚያዝን ሰው አብረው ሊያድሩ ይችላሉ። የተደሰተው ሰው ደስታውን ደጅ ወጥቶ ይግለጽ፤ የዚያን ዕለት ማታ በቤት ውስጥ ድምፁን ቢቀንስ የሚያጎድለው ነገር የለም። ያዘነው ሰውም ሰዎቹ ሆድና ጀርባ እስኪሆኑ ድረስ ሽንፈቱን በእኅቱ ወይም በወንድሙ ላይ አያሳብብ። በውጤቱ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው አቤቱታውን የሚያቀርብለት በሕግ የተሰየመ አካል፣ የሚያቀርብበትም የተወሰነ የጊዜ ገደብ አለ፤ ወንድሙ ያ አካል አይደለም። ይህንን ለልጆቻችሁ ስታስረዱ የቅሬታውን ሂደት ጭምር አስረዷቸው፤ ምን እንደሚባል፣ ለማን እንደሚቀርብ፣ ማን መልስ እንደሚሰጥ። መምህራንም በክፍል ውስጥ ብታግዙን ደስ ይለናል።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።