የዘለልኳት ዓረፍተ ነገር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሻይ ቀድቼ ተቀምጫለሁ። ከኋላ የሚሰማችሁ ድምፅ ዝናብ ነው፤ ይቅርታ፣ መስኮቱ በደንብ አይዘጋም። የሴኡል ሐምሌ ከኛ ክረምት ብዙም አይለይም። ይሄ ዝናብ ሲመጣ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ነገር አለ፣ ዛሬ እሱን ላውራችሁ።

ከሁለት ክረምት በፊት ነው። ተማሪ ነበርኩ፣ ኪሴ ባዶ። አንድ ጓደኛዬ "የአስር ቀን ሥራ አለ፤ ማስተርጎምና ሻንጣ መቁጠር ነው" አለችኝ። ገባሁበት። ሥራው ምን መሰላችሁ? ከኮሪያ ልጅ ወስደው ያሳደጉ የአሜሪካ ቤተሰቦች፣ ልጆቹ ከፍ ሲሉላቸው፣ በቡድን ሆነው አገሩን ሊያሳዩዋቸው ይመጣሉ። አንድ አውቶቡስ ሙሉ። ጠዋት ግዮንግቦክጉንግ ቤተ መንግሥት፣ ሃንቦክ፣ ማለትም የኮሪያ ባህል ልብስ፣ ተከራይቶ ፎቶ መነሳት (ሃንቦክ ለለበሰ መግቢያው ነፃ ነው፣ ከመጣችሁ እንዳይሸውዷችሁ)፣ ከሰዓት ኢንሳዶንግ የሚባል ሰፈር ሄዶ የልጁን የኮሪያ ስም ማኅተም ላይ ማስቀረጽ። ላዩን ስታዩት ጉብኝት ነው።

እኔ የተጠጋሁት አንድ ቤተሰብ ነበር። ሴቷ ልጅ ከኮሪያ ናት፣ 14 ዓመቷ። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ 12 ዓመቱ፣ ከየት ቢሆን ጥሩ ነው? ከኢትዮጵያ! አውቶቡስ ላይ ስወጣ አየኝ፣ ፀጉሬን አየ፣ ከዚያ እናቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ አስተናጋጇ መጣችና ቀጥታ ወደ ልጅቱ ዞራ ኮሪያኛውን ለቀቀችው። ቃሪያ ይብዛ ይነስ፣ ሾርባው ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ። ልጅቱ እስከ ጆሮዋ ቀላች። እኔ በኮሪያኛ መለስኩላት። ሴትዮዋ እኔን አየች፣ ልጅቱን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። ከዚያ ለኔ በእንግሊዝኛ "ቴንኪው" አለችኝ። ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ልጅቱ አልሳቀችም። ማታ ላይ "እዚህ አገር ሁሉም ሰው እንደማውቅ እርግጠኛ የሆነበትን ነገር እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው" አለችኝ።

ታሪኩ ረጅም ነው፣ ቶሎ ልለፈው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው። ከኮሪያ ጦርነት ማግስት ጀምሮ ወደ 200,000 የሚጠጉ ልጆች ለጉዲፈቻ ውጭ ሄደዋል። በ1955 ሃሪ ሆልት የሚባል የኦሪገን ገበሬ 8 ልጆች ባንድ ጊዜ ወሰደ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ለሱ ቤተሰብ ብቻ ልዩ ሕግ አወጣለት። ከዚያ በኋላ በር ተከፈተ። በ1985 በአንድ ዓመት ብቻ ከ8,800 በላይ ሄዱ። ልብ በሉ፣ ያኔ ጦርነቱ ካበቃ 32 ዓመት ሆኖታል። ኮሪያ መኪና ወደ ውጭ ትልክ ነበር። ጦርነቱን ሰበብ ማድረግ የሚቻልበት ጊዜ አልፎ ነበር ማለት ነው። ያላገባች እናት ልጇን ይዛ የምትቆምበት ቦታ ስላልነበራት ነው ብዙው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በአምስተኛው ቀን ልጅቱ ጉዲፈቻ እስክትወሰድ ድረስ ያሳደጓትን ሴትዮ አገኘናቸው። ወላጅ እናቷ አይደሉም። ሕፃናቱ ወረቀታቸው እስኪያልቅ እንዲህ ያሉ እናቶች ቤት ነው የሚቆዩት፤ አንዳንዱ ወራት፣ አንዳንዱ ከዓመት በላይ። እኚህ ከሰባ ያለፉ ናቸው። በኮሪያኛ አያት ሃልሞኒ ነው የሚባለው፣ እኔ ግን በልቤ እማማ ነበር የምላቸው። በፌስታል የታጠፈ ጨርቅ ይዘው መጡ። ሲፈቱት ምን ልሁን? አንቀልባ! ማለቴ፣ እነሱ ፖደጊ ይሉታል፤ ጥጥ የገባበት፣ ረጅም ማሰሪያ ያለው። "ከዚህ ውጪ አትተኛም ነበር" አሉ። ልጅቱ አሁን በራስ ትበልጣቸዋለች። እማማ ዞር ብለው ጀርባቸውን ሰጧትና ጎንበስ አሉ፤ "ነዪ፣ ልዘልሽ።" ሁላችንም ሳቅን፤ አባትየው ግን ወጥቶ ኮሪደር ላይ ቆመ።

ከዚያ እማማ እጇን ይዘው አወሩ። እኔ እየተረጎምኩ ነው። "አንቺን ከወሰዱሽ በኋላ ሦስት ቀን አለቀስኩ" አሉ። ተረጎምኩ። ቀጠሉና "በአራተኛው ቀን ሌላ ሕፃን አመጡልኝ፤ በዚያው አንቀልባ አዘልኩት" አሉ።

ይቺን አልተረጎምኳትም። ዘለልኳት። ልጅቱ እያለቀሰች ነበር፣ እናትየውም እያለቀሰች ነበር፣ እና እኔ... ምን ልበላችሁ፣ ቆንጆ ነገር እንዳይበላሽ ብዬ ነው። ማንም አላዘዘኝም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እነዚያ ልጆች ፋይል ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አለኝ። እናት አባታቸው በሕይወት እያሉ "ወላጅ አልባ" ተብለው የተመዘገቡ አሉ፤ እንዲህ ሲሆን መንገዱ ይቀላላ! በመጋቢት 2025 የኮሪያ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ይሄን ሁሉ አውጥቶ መንግሥት መብት ጥሷል አለ። ካመለከቱት 367 ሰዎች በመጀመሪያው ዙር 56ቱን ተጎጂ ናችሁ አላቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ፕሬዚዳንት ሊ ጄ-ሚዩንግ ይቅርታ ጠየቁ። የኔን ጥፋት ከዚህ ጋር አላወዳድርም፣ አላበድኩም። ግን ከዚያ ወረቀት ጀርባም "ለልጁ ይሻለዋል" ብሎ አንድ መስመር የዘለለ ጸሐፊ ሳይኖር አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ምናልባት ደግ ሰው ነበር። ይሄ ነው የከነከነኝ።

በመጨረሻው ነፃ ቀን ቤተሰቡን ይዤ ቹንቾን የምትባል ከተማ ሄድኩ። ለልጁ ብዬ ነው። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች መታሰቢያ እዚያ ነው፤ በኮሪያ ጦርነት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ናቸው የዘመቱት። ወንዙ ዳር ከ1968 ጀምሮ ያለ "የኢትዮጵያ ቤት" የሚባል ቡና ቤትም አለ፤ ጃንሆይ ራሳቸው በመጡበት ዓመት የተከፈተ ነው። ልጁ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። ወታደሮቹ ዶንግዱቾን የምትባል ከተማ ውስጥ ወላጅ ያጡ የኮሪያ ሕፃናትን ይረዱ እንደነበር ስነግረው ዞሮ እህቱን አያትና "እንግዲህ አመስግኚኛ!" አላት። በቦርሳ መታችው።

ባቡር ላይ "ስሜን በትክክል በይልኝ" አለኝ። ስሙን እዚህ አልናገርም፣ ግን በ"ጥ" ነው የሚጀምረው። ቤተሰቡ በ"ት" ነው የሚጠሩት። አልኩለት። ደገመው፣ አልሆነም። እናትየው ሞከረች፣ ምራቋ ወጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጥ፣ ጥ፣ ጥ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ጋዜጣቸውን አጥፈው ያዩን ጀመር።

ልጅቱ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "ሃልሞኒ መጨረሻ ላይ ያወሩት ረጅም ነበር" አለችኝ። "አንቺ ያልሽው ግን አጭር ነው።"

ነገርኳት። ሌላ ሕፃን እንዳመጡላቸው፣ አንቀልባው ያው እንደነበር። ፊቷን እየጠበቅኩ ነው። ትንሽ ቆየችና "ወንድ ነው ሴት?" አለችኝ።

አላውቅማ። እማማ ስልካቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር። ደወልኩ፣ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"ወንድ!" አሉ እማማ። "ወይ ሆዳም! ጡጦ ካልነጠቅከው አይለቅም ነበር።"

ተረጎምኩላት። "እኔስ? ጠይቂያቸው" አለችኝ።

"አንቺማ" አሉ፣ "አልበላም ብለሽ ነው የጨረስሽኝ!"