ድራኩላ ሲዘፍን፦ የክሪስቶፈር ሊ ሌላው ሙያ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ስለ እንግሊዛዊው ተዋናይ ስለ ክሪስቶፈር ሊ ሙዚቃ ነው የማወራችሁ፤ ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሊን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በ1958ቱ ፊልም ደም መጣጩን ድራኩላን ሆነው ነው። ያን ፊልም ደግሜ ሳየው የገረመኝ ግን ጥርሳቸው ሳይሆን ዝምታቸው ነው፤ መጀመሪያ አካባቢ እንግዳቸውን ተቀብለው ጥቂት ቃል ከተናገሩ በኋላ እስከ ፍጻሜው ድረስ አንደበታቸው አይከፈትም። በ1966ቱ ተከታይ ፊልም ጭራሽ አንዲት ቃል አይናገሩም። ሊ ራሳቸው «የተጻፈልኝ ንግግር ስለማይረባ አልናገርም አልኩ» ይሉ ነበር፤ ደራሲው ጂሚ ሳንግስተር ግን መጀመሪያውኑ ንግግር እንዳልጻፈላቸው ተናግሯል። እውነቱ ከማንም ዘንድ ይሁን፣ ያን የመሰለ ጎርናና ድምፅ ያለውን ሰው ዝም አሰኝቶ ማስቀረት ለእኔ ብክነት ነው።

ድምፁ ከዘር የመጣ ይመስላል። የእናታቸው ወገን ቅድመ አያት ማሪ ካራንዲኒ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውስትራሊያ ስመ ጥር የኦፔራ ዘፋኝ ነበሩ። ሊም አጋጣሚ ባገኙ ቁጥር ከመዝፈን አልተቆጠቡም፤ በ1973ቱ «ዘ ዊከር ማን» ላይ ዘፍነዋል፣ ለ2007ቱ «ስዊኒ ቶድ» የቀረጹት ዘፈን ግን ከፊልሙ ተቆርጦ ወጥቷል።

በሩን ወለል አድርጎ የከፈተላቸው፣ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ፣ ሄቪ ሜታል የሚባለው ጊታሩ የሚጮኽበት ኃይለኛ የሮክ ሙዚቃ ነው። ራፕሶዲ የተባለው የጣሊያን ባንድ በ2004 አልበሙ ላይ ተራኪ አደረጋቸው፤ በ2005 ደግሞ ከዘፋኙ ፋቢዮ ሊዮኔ ጋር እየተቀባበሉ የዘፈኑት ነጠላ ዜማ ወጣ። ሊዮኔ ወደ ላይ እየወጣ ሲጮኽ ሊ ከታች ሆነው፣ ሳይቸኩሉ፣ እያንዳንዱን ቃል እስከ መጨረሻው ፊደል አጥርተው ይጠሩታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ድፍረት ነው። ቤተሰባቸው የዘር ሐረጉን እስከ ፍራንኮች ንጉሥ እስከ ሻርለማኝ ይቆጥር ስለነበር፣ በ2010፣ በ87 ዓመታቸው፣ የዚህን ንጉሥ ታሪክ የሚተርክ ሙሉ አልበም አወጡ። አንዱ ዘፈን በ782 በንጉሡ ትእዛዝ በቨርደን ስለተገደሉት፣ ሳክሶኖች ስለሚባሉት የጀርመን ነገድ ሰዎች ነው፤ የዘመኑ መዝገብ 4,500 ይላቸዋል። ሊ ይህን በንጉሡ አፍ ሲዘፍኑት ኩራትና ጸጸት ተቀላቅለው ይሰማሉ፤ ለአያቱ ጥብቅና የቆመ ሰው ድምፅ ግን አይደለም። በዚያው ዓመት የሜታል ሙዚቃ መጽሔት ያዘጋጀውን ሽልማት ከሜታል ባንዱ ከብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ከቶኒ አዮሚ እጅ ተቀበሉ። ሁለተኛው የሻርለማኝ አልበም፣ የሌላው ሜታል ባንድ የጁዳስ ፕሪስት ጊታሪስት ሪቺ ፎክነር ሙዚቃውን አቀናብሮት፣ በ2013 በ91ኛ የልደት ቀናቸው ወጣ።

«የሽማግሌ ቀልድ ነው» ብለው ያለፉት አሉ። ሊ ባወጧቸው የገና ዘፈኖች ላይ እኔም እስማማለሁ፤ በሄቪ ሜታል የተዘፈነ የገና ዜማ እንዳልሳቅበት ማንም አያስገድደኝም። ሻርለማኝን ግን እንደዚያ አልሰማውም። እርግጥ የመጀመሪያው አልበም ትረካ በዝቶበት ይጎተታል፤ በሁለተኛው ደግሞ ጊታሩ አንዳንድ ቦታ ድምፃቸውን ይውጠዋል። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው አሁንም የ2005ቱን ቅብብል ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም ዘፍነውታል፤ እኔ የጣሊያንኛውን አስበልጣለሁ።