የሚያለቅሰው ሸረሪት

ሄለን፦ እሺ ዮናስ፣ ከእናትህ ጀምርልን።

ዮናስ፦ የሚያለቅሰውን ሸረሪት ሥዕል የስልኬ ስክሪን ላይ አድርጌው አየችው። «በስመ አብ! ይቺን ሸረሪት ምን ልትሠራልህ ነው?» አለች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለችና፣ «ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?»

ሄለን፦ አየህ፣ «ይቺ» ያለችው «ሆኖ» ሆነ። ሰው አደረገችው!

ዮናስ፦ እኮ!

ሄለን፦ ላላዩት እንንገራቸው። የፈረንሳዊው ኦዲሎን ረዶን ሥራ ነው፣ በፈረንጆቹ 1881፣ በከሰል። ጥቁር የሸረሪት ገላ፣ ቀጫጭን እግሮች፣ እዚያ ላይ የሰው ፊት። ከዓይኑ እንባ ይወርዳል። ረዶን የሚመደብበት ሲምቦሊዝም፣ ማለት ስሜትንና ሕልምን በምልክት የሚገልጸው የጥበብ ስልት፣ ማኒፌስቶው (የአቋም መግለጫው) እንኳን የወጣለት ከዚያ በኋላ በ1886 ነው።

ዮናስ፦ እኔን የገረመኝ፣ ገላውን እንደዚያ ያደረገ ሰው ፊቱን አለመንካቱ። ዓይኑ ዓይን ነው፣ አፍንጫው አፍንጫ። እሱንም ቢያጣምመው ጭራቅ ነው ብለን እናልፈው ነበር።

ሄለን፦ በዚያው ዓመት የሳለው የቁልቋል ሰው ደግሞ ይብሳል። የሰው ጭንቅላት ነው፣ እሾህ ያወጣ፣ የአበባ መትከያ ውስጥ የተተከለ።

ዮናስ፦ እሾህና ራስ ሲባል እኛ ቶሎ ስቅለት ነው የሚመጣብን።

ሄለን፦ ግን አክሊሉን ሌላ ሰው ነው የደፋበት። የዚህኛው እሾህ ከገዛ ቆዳው ነው የበቀለው። ልንቀልልህ ብትለው ቆዳው አብሮ ይነሳል። ደግሞ አንገቱ አፈር ውስጥ ነው፤ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?

ዮናስ፦ ኧረ ተይኝ። ድብርት ይዞት ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው እኮ ልክ እንደዚያ ነው።

ሄለን፦ ረዶን ራሱ በሽተኛ ልጅ ነበር። ከቦርዶ ወጣ ብሎ ባለ የቤተሰቡ የወይን እርሻ ላይ በብቸኝነት ነው ያደገው። በ1870 ከጀርመኗ ፕሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነትም ዘምቷል። «ስለዚህ ሸረሪት ሳለ» የሚሉት ነገር ግን አይዋጥልኝም።

ዮናስ፦ እውነት ነው፣ የዘመተው ሁሉ ሸረሪት አልሳለም። ይልቅ የከሰሉን ነገር ንገሪን።

ሄለን፦ መጀመሪያ ወረቀቱን ያጠቁረዋል። ከዚያ እየጠረገ ብርሃኑን ያወጣል። ያ የገረጣ ፊት ከጥቁሩ ውስጥ ተፈልጎ የወጣ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ዮናስ፦ ከሰል ያቀጣጠለ ሰው ያውቀዋል፣ ታጥበህም ጥፍርህ ሥር ይቀራል።

ሄለን፦ በኋላ ግን ተወው። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ወደ ቀለም ሄደ፤ አበባ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ። ብዙ ሰው የሚወድለትም እሱን ነው። እኔ ጥቁሮቹ ይሻሉኛል።

ዮናስ፦ ለእናቴም አበቦቹን አሳየኋት። «ያምራል» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

ሄለን፦ ሸረሪቱንስ ረሳችው?

ዮናስ፦ የት ትረሳለች! ትናንት ደውላ፣ «ያ ሰውዬ ግን ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።