አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ይዘውት የመጡት ሙግት

ሰላም ወዳጆቼ! አሜሪካ ሆናችሁ ለዜግነት ፈተና የተዘጋጃችሁ ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፦ ቅኝ ተገዢዎቹ እንግሊዝን ለምን ተዋጉ? እንደ ዳዊት ከሚሸመደዱት መልሶች አንዱ «ያለ ውክልና ግብር» የሚለው ነው። መልሱን በቃል ይዞ ፈተናውን ማለፍ ይቻላል። ግን ሐረጉ ከየት መጣ? ማን ከማን ጋር ሲሟገት ተወለደ? ዛሬ የማወራችሁ ይህን ነው፤ ታሪኩም ከአሜሪካ አይጀምርም። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

(ምስል፦ በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለ አረንጓዴ ሜዳ)

ጊዜው ጁን 1215፣ ቦታው ረኒሚድ፣ ከለንደን በስተምዕራብ ያለ ሜዳ ነው። ንጉሥ ጆን ኖርማንዲን በፈረንሳይ ንጉሥ ከተነጠቀ አሥር ዓመት አልፎታል። መሬቱን ለማስመለስ ገንዘብ ሰበሰበ፣ ደግሞ ሰበሰበ፣ በ1214 ግን አጋሮቹ ቡቪን ላይ ተሸነፉና ገንዘቡም መሬቱም ቀረ። መኳንንቱ በቃን አሉ። ጦር ይዘው ለንደን ገቡ። ንጉሡም ሳይወድ በግዱ ሜዳው ላይ ተገኝቶ በላቲን የተጻፈ ብራና በማኅተሙ አጸደቀ። ማግና ካርታ የሚባለው ይህ ነው።

ብራናው ስለ ዲሞክራሲ አንድም ቃል የለውም። ስለ ዕዳ፣ ባሎቻቸው ስለሞቱባቸው ሴቶች ንብረት፣ በቴምዝ ላይ ስለተተከሉ የዓሣ ማጥመጃዎች ነው በዝርዝር የሚያወራው። በዚህ ሁሉ መሃል ሁለት ነገር ተቀምጧል። አንደኛው፣ ከዘመቻ መቅሪያ የሚባለውን ክፍያ ንጉሡ ያለ መንግሥቱ ጉባኤ ስምምነት እንዳይጥል ነው። ይህ አንቀጽ ከኋለኞቹ ቅጂዎች ወጥቷል፤ ከሰው ጭንቅላት ግን አልወጣም። ሁለተኛው አንቀጽ 39 ነው፦ ማንኛውም ነጻ ሰው በእኩዮቹ ፍርድ ወይም በሀገሩ ሕግ ካልሆነ በቀር አይያዝም፣ አይታሰርም፣ ንብረቱም አይወሰድበትም።

«ነጻ ሰው» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። በዚያ ዘመን ብዙው የእንግሊዝ ገበሬ ከጌታው መሬት ንቅንቅ ማለት የማይችል ጭሰኛ ነበር። አንቀጹ እሱን አይጠራውም።

አሁን 400 ዓመት ልዝለል። ዙፋኑ ላይ ቻርልስ ቀዳማዊ አለ። ለጦርነት ገንዘብ ፈለገ። ፓርላማው እንደ ልቡ አልሆን ሲለው በተነውና ሀብታሞቹን «አበድሩኝ» እያለ በግድ ማስከፈል ጀመረ። እምቢ ያለ ታሰረ። በ1627 ከታሳሪዎቹ መካከል አምስት ባላባቶች ፍርድ ቤት ቀርበው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ የታሰርንበት ምክንያት ይነገረን። የመጣው መልስ «በንጉሡ ልዩ ትእዛዝ» የሚል ነበር። በቃ። ወንጀል የለ፣ ክስ የለ። ዳኞቹም በዋስ አልለቀቋቸውም።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር አልፌው መሄድ ያቅተኛል። «ከላይ ታዝዤ ነው» የሚለውን መልስ ሰምቶ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም፤ የዘመድ እስረኛ ፍለጋ ከጣቢያ ጣቢያ የተንከራተተ ሰው ደግሞ አምስቱ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው ከማንም የታሪክ ምሁር በላይ ያውቀዋል።

በማግስቱ ዓመት ፓርላማ ሲሰበሰብ ኤድዋርድ ኮክ የሚባል የ76 ዓመት የሕግ ሰው ተነሣ። ቀድሞ ዋና ዳኛ የነበረ፣ ከንጉሥ ጋር ተጣልቶ ከወንበሩ የተነሣ ሰው ነው። ያንን አሮጌ ብራና ይዞ ተሟገተ። ውጤቱ የ1628ቱ የመብት አቤቱታ ነው፦ ያለ ፓርላማ ስምምነት ግብርም የግድ ብድርም አይኑር፣ ምክንያቱ ሳይገለጽ ሰው አይታሰር፣ ወታደር በሰው ቤት በግድ አይስፈር። አቀራረቡን አስተውሉ። አዲስ መብት ስጠን አላሉም፤ የአባቶቻችንን መልስልን ነው ያሉት። ኮክ «ነጻ ሰው» የሚለውንም ለጠጠው። ጭሰኛ እንኳ ከገዛ ጌታው በቀር በሌላው ሰው ሁሉ ፊት ነጻ ነው ብሎ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይሄዳል። ቻርልስ አቤቱታውን ተቀበለ፣ ፓርላማውን በትኖ 11 ዓመት ብቻውን ገዛ፣ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፣ በ1649 አንገቱ ተቀላ። በ1679 የወጣው ሕግ ደግሞ እስር ቤቱ ቅርብ ከሆነ ጠባቂው እስረኛውን በ3 ቀን ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲያቀርብ አስገደደ። የእኛ ጠበቆች «አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ» የሚሉት የዚህ ዘር ነው።

(ምስል፦ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን)

አሁን እነዚህን ሁለት ወረቀቶች እንያቸው። ግራ ያለው የ1689ኙ የእንግሊዝ የመብቶች ሕግ ነው። ከመጠን ያለፈ ዋስትና ሊጠየቅ አይገባም ይላል፤ ከመጠን ያለፈ መቀጮም፣ ጭካኔ ያለበትና ያልተለመደ ቅጣትም እንዲሁ። ቀኝ ያለው በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስምንተኛ ማሻሻያ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ያው ነው። የተለወጠው ግሡ ነው ማለት ይቻላል፦ «ሊጠየቅ አይገባም» የነበረው «አይጠየቅም» ሆነ። መቶ ዓመት ያለፈው፣ ውቅያኖስ ያቋረጠ ዓረፍተ ነገር ነው።

ታዲያ እንዴት ተሻገረ? ሰዎቹ ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። የ1606ቱ የቨርጂኒያ ቻርተር ሰፋሪዎቹም ልጆቻቸውም እንግሊዝ ሀገር እንደተወለዱ ተቆጥረው ሙሉ መብት እንዲኖራቸው ቃል ገብቶላቸው ነበር። በ1765 የለንደን ፓርላማ የቴምብር ቀረጥ ሲጥልባቸው፣ በፍርድ ቤት ሰነድ፣ በጋዜጣ፣ በመጫወቻ ካርታ ሳይቀር፣ የዘጠኝ ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው ያንኑ የሚመስል ሙግት አነሱ፦ እንግሊዝ ውስጥ የተወለደ ሰው ያለው መብት ሁሉ አለን፣ ፓርላማው ውስጥ ደግሞ የመረጥነው ሰው የለም፣ ስለዚህ ግብር ሊጥልብን አይችልም። ከነጻነት አዋጁ 11 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሙግታቸው ገና እንደ እንግሊዛዊ ነበር።

ብዙ ጊዜ ምስጋናው ሁሉ ለእንግሊዛዊው ፈላስፋ ለጆን ሎክ ይሰጣል። እውነት ነው፣ መንግሥት የሚቆመው በተገዢዎቹ ስምምነት ነው፣ ሕይወትን፣ ነጻነትንና ንብረትን ካልጠበቀ ሊነሣ ይችላል የሚለው ሐሳቡ በ1776ቱ አዋጅ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ግን ለእነዚያ አምስት እስረኞች አደላለሁ። ሎክ የጻፈው ሰው ከታሰረና ከተሟገተ በኋላ ነው። ደግሞም ሎክ በባሪያ ንግድ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ነበረው፤ አዋጁን ያረቀቀው ጀፈርሰን በሕይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። ረኒሚድ ላይ ጭሰኛውን የተወው ሰነድ አሜሪካ ላይ ጥቁሩን ተወው።

ቃሉ ግን ከጻፉት ሰዎች እጅ እያመለጠ ሄደ። ያለ ሕጋዊ ሥርዓት ሰው ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን እንዳያጣ የሚለው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ «ነጻ ሰው» አይልም፣ «ማንም ሰው» ነው የሚለው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1868 የጸደቀው አስራ አራተኛውም ክልሎችን ያሰረው በዚሁ ቃል ነው፤ «ዜጋ» ብቻ አላለም። በ1886 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ፈቃድ የከለከላቸው ቻይናውያን ልብስ አጣቢዎች ይህንን ይዘው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ረቱም። ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ ዳኛ ፊት ቆሞ ልሰማ ይገባኛል ሲል የሚይዘው ይህችኑ ቃል ነው።

(ምስል፦ የመኪና ታርጋ፣ ዋሽንግተን ዲሲ)

ሐረጋችን ደግሞ እነሆ። የዋሽንግተን ዲሲ የመኪና ታርጋ ከ2000 ጀምሮ «ያለ ውክልና ግብር» የሚል ጽሑፍ ይዟል፤ ኋላ ላይ «ይቁም» የሚል ተጨምሮበታል። 700 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት፣ የእኛም ሰው ተሰባስቦ የሚኖርባት ከተማ ናት። ነዋሪው ለፌዴራል መንግሥት ግብር ይከፍላል። በሴኔት አንድም ሴናተር የለውም። በታችኛው ምክር ቤት አንድ ተወካይ አለው፤ ተወካዩ በኮሚቴ ይከራከራል፣ እዚያ ድምፅም ይሰጣል፣ ሕጉ በምክር ቤቱ ጉባኤ የመጨረሻ ድምፅ ሲሰጥበት ግን ድምፅ የለውም።