ክንዳችሁ አልነሳ ያለው በብርድ ነው?

ሰላም፣ ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ትከሻ ነው። ሐኪም ያለ ራጅ፣ ያለ ኤምአርአይ፣ በእጁ ብቻ ምን ያውቃል? ብዙ። በጣም ብዙ።

መጀመሪያ ጀበና አስቡልኝ። ማቶት ላይ የተቀመጠ ጀበና። ታቹ ድቡልቡል ነው፣ ማቶቱ ጠበብ ያለ። ጀበናው የክንድ አጥንት ራስ ነው። ማቶቱ ደግሞ ያ ራስ የሚያርፍበት፣ ጥልቀት የሌለው ጎድጓዳ ቦታ። ለዚህ ነው ክንድ ወደፈለጋችሁት የሚዞረው። ለዚህም ነው ቶሎ የሚወልቀው። አሁን ጀበናውን አራት እጆች ይዘውታል በሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። አራቱ ሮቴተር ከፍ የሚባሉት ጡንቻዎች ናቸው። አንዱ እጅ ሲለቅ ጀበናው ያጋድላል። (ቡና ሳልጠጣ እየቀረጽኩ መሆኔ ያስታውቃል አይደል?)

ወደ ምርመራው፣ ፈጠን እንበል። ሸሚዝ ይወልቃል፤ ሁለቱም ትከሻ ይታያል፣ ይዳሰሳል። ክንድ ወደ ጎን ሲነሳ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው መሃል ላይ ካመመ፣ የላይኛው ጡንቻ ጅማት ይጠረጠራል። የተነሳውን ክንድ ቀስ አድርጎ ማውረድ አቅቶ ዱብ ካለ፣ መበጠስ ይጠረጠራል። መዳፍን ሆድ ላይ መጫን ካቃተ፣ የፊተኛው። ክርንን ከጎን አጣብቆ እጅን ወደ ውጭ መግፋት ካቃተ፣ የኋላዎቹ። አንዱ ምርመራ ብቻውን አያስተማምንም፤ ተደምረው ነው።

አሁን ኮሜንት ላይ ወደሞላችሁት፦ «ብርድ መትቶኝ ክንዴ አልነሳ አለ»። ኧረ ወገኖቼ! መስኮት ከፍቶ የተኛውም ብርድ፣ ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለውም ብርድ? የኔ ጥያቄ አንድ ነው። ሌላ ሰው ሲያነሳላችሁስ? በሌላ ሰው እጅ እሺ ካለ መገጣጠሚያው አልደረቀም፤ ጥፋቱ የጡንቻው፣ የጅማቱ ወይም የነርቩ ነው። በሌላ ሰው እጅም እምቢ ካለ፣ በተለይ ወደ ውጭ አልዞር ካለ፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል፤ ፍሮዝን ሾልደር የሚሉት። የመገጣጠሚያ መበላትም እንዲህ ያደርጋል፤ እሱን ራጅ ይለየዋል። ፍሮዝን ሾልደር ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። እኔን ብትሰሙኝ፣ ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት ስኳራችሁን ተለኩ።

ወድቃችሁ የትከሻችሁ ቅርጽ ከተቀየረ ግን እነዚህን አትሞክሩ፤ ወጌሻም አይጎትተው። ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ነርቩና የደም ስሩ ይታይ፣ ራጅ ይነሳ።

አንገት ሲዞር ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመምስ? እሱ የአንገት ጣጣ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ እንገባበታለን። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ አይቻችኋለሁ!