ቅዳሜ ማን ይወረውራል?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ፣ እራት ሳትበሉ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና አላንዛዛም።

አምና በቤዝቦል ቡድናችን ለመቺው ኳስ ይወረውሩልን ከነበሩት ሦስት ልጆች ሁለቱ ዕድሜያቸው ደርሶ ወደ ትልልቆቹ ቡድን አልፈዋል። የቀረን አንድ ነው፤ እሱም የእኔው ልጅ ነው። «ሌሎቹ እስኪለምዱ እሱ ይወርውር፣ አለበለዚያ መሸነፋችን ነው» ያላችሁኝ አላችሁ። አምና ቢሆን እኔም እስማማ ነበር።

አምና በመጨረሻው ጨዋታ ልጄ 85 ኳስ ወረወረ። 85 የልጆች ቤዝቦል ሕግ ለ11 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን የሚፈቅደው ጣሪያ ነው፤ ሕግ አልጣስንም። አሸነፍን፣ ጨፈርን። ማታ ገበታ ላይ በግራ እጁ ሲጎርስ እናቱ «ምን ዓይነት ብልግና ነው?» ብላ ተቆጣችው። ዝም አለ። ቀኝ ክርኑ አልታጠፍ ብሎት ኖሯል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ክንዱን ሲያራግፍ አይቼዋለሁ፤ አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ሽንፈቱን እንቀበል? የለም። በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ የሚጫወተውን የሚልዋኪ ብሩወርስን ቡድን ተመልከቱ። በ2024 መጀመሪያ ዋነኛ ወርዋሪያቸውን ኮርቢን በርንስን ለጎረቤታችን ለባልቲሞር አሳልፈው ሰጡ፤ ውሉ በዓመቱ መጨረሻ ስለሚያልቅ፣ በነጻ ከሚያመልጠን በምትኩ ወጣቶች እናግኝበት ብለው ነው። ሌላው፣ ብራንደን ውድረፍ፣ ትከሻው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዓመቱን ሙሉ አልወረወረም። የቀረውን ሸክም ግን በአንድ ሰው ላይ አልቆለሉትም፤ ከ10 በላይ ወርዋሪዎች እየተፈራረቁ ጨዋታ ጀመሩላቸው። ከክለብ ክለብ ሲንከራተት ኖሮ በ25 ዓመቱ ዋናው ሊግ የደረሰው ቶቢያስ ማየርስ በወርዋሪነቱ 9 ድል በስሙ ተመዘገበለት። ከወርዋሪው ጀርባ የቆሙት ተጫዋቾችም እግራቸው ፈጣን፣ እጃቸው የታመነ ስለነበር የተመታው ኳስ ሁሉ ጉዳት አልሆነም። ከ162 ጨዋታ 93 አሸንፈው ምድባቸውን መሩ። በጥሎ ማለፉ ኒው ዮርክ ሜትስ ገና በመጀመሪያው ዙር አሰናበታቸው፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

የእኛ ጨዋታ ቅዳሜና ረቡዕ ነው። 66 ኳስና ከዚያ በላይ የወረወረ ልጅ አራት ቀን ማረፍ ስላለበት ለረቡዕ አይደርስም። ስለዚህ ቅዳሜ ማንም ልጅ ከ50 አያልፍም፣ የእኔም ልጅ ጭምር። አምስት ልጆች መርጫለሁ፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ ለጊዜው ኳሱን የምታሳርፈው ከኋላ ያለው አጥር ላይ ነው፤ እኔ ግን አወራወሯን ወድጄዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልንሸነፍ እንችላለን።

ሐሙስ ሐሙስ የልምምዱ ግማሽ መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ማንሳት ይሆናል። የጨርቅ ኳስ ስንለጋ ያደግን አባቶች ጓንት አጥልቀን ብንቆም ማንም አይስቅብንም፤ ቢስቁም ልጆቹ ናቸው።

ይህቺ በእጄ ያለችው መቁጠሪያ ናት። ኳስ በተወረወረ ቁጥር አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። እኔ የማልይዛት ለምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ለቅዳሜ ማን ይውሰዳት?